ለኦፕሬተሩ በሄክታር ብቻ አትክፈሉ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ዋግ አልጽፍላችሁም፤ ስለ አሮጌ ትራክተር ነው። ትራክተር ያላችሁ፣ በጋራ ገንዘብ አዋጥታችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እየተከራያችሁ የምታሳርሱም አንብቡት። ለሁላችሁም የሚሆን ነገር አለው።

ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጥ። እኛ ዘንድ ትራክተርን ከእርጅና ቀድሞ የሚገድለው ለኦፕሬተሩ የምንከፍልበት መንገድ ነው። ባለቤቱ "በሄክታር ይህን ያህል" ብሎ ይዋዋላል፤ ኦፕሬተሩም ባረሰው ልክ ያገኛል። ታዲያ ያ ልጅ ትራክተሩን አቁሞ የአየር ማጣሪያ ቢያጥብ ማን ይከፍለዋል? ማንም። ግሪስ ቢሰጥ? ማንም። ራዲያተሩ ላይ የተጣበቀውን ገለባ ቢጠርግ? ማንም አይከፍለውም፤ እንዲያውም ገንዘብ ይጎድልበታል። ባለ 3 ዲስክ ማረሻ የሚጎትት መለስተኛ ትራክተር አንድ ሄክታር ለማረስ እንደ አፈሩ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ግማሽ ሰዓት ቆመ ማለት የአንድ ሄክታር አንድ ስድስተኛ ክፍያ ቀረበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ ይደውላል፦ "የት ደረስክ? ስንት ጨረስክ?" "ጋሼ፣ ማጣሪያውን ላጽዳና..." "ማታ ታጸዳዋለህ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ጨርስልኝ!" ማታ ደግሞ ሌላ ገበሬ ይጠብቀዋል፤ በመብራት ያርሳል እንጂ አያጸዳም።

እናንተ በልጁ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

"ትራክተሩ እኮ አሮጌ ነው፣ መበላሸቱ አይቀርም" የሚል አለ። እስቲ ዕድሜውን እንየው። ማሲ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ባለ 3 ሲሊንደር ትራክተር እንግሊዝ አገር የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ነው። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ ሚንስክ ከተማ ከ1974 ጀምሮ መሠራት የጀመረ ነው፤ በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የቤላሩስ ትራክተር ይገጣጠም እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። አርሲ ውስጥ ከካዱ ዘመን፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትራክተር የለመደ ገበሬ አለ። እንግዲህ ከእነዚህ ብረቶች መካከል የባለቤቱን የልጅ ልጅ የሚያህል ዕድሜ አሳልፈው ዛሬም የሚያርሱ አሉ። እንደነሱ ያሉት ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ጋራዥ አጥር ሥር ሣር በቅሎባቸው የቀሩ ሞልተዋል። ፋብሪካው አንድ፣ ሞዴሉ አንድ። ልዩነቱ ያዡ ነው፤ ያዡን የሚገዛው ደግሞ ውሉ ነው።

አቧራን ላስቀድም፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በደረቅ ማሳ ላይ የሚያርስ ትራክተር ቀኑን ሙሉ አቧራ ይስባል። አሮጌዎቹ ትራክተሮች አብዛኞቹ ዘይት ያለበት የአየር ማጣሪያ ነው ያላቸው፤ ከሥሩ ሳህን የመሰለ ነገር አለ፣ ዘይቱ አቧራውን ይይዛል፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ጭቃው በበዛ ቁጥር ዘይቱ መያዙን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አቧራው በቀጥታ ወደ ሞተር ነው። አቧራ ማለት ደግሞ የደቀቀ አሸዋ ነው። ካሚቻውንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ኃይሉ ይቀንሳል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ይጀምራል፣ ዘይት ይበላል። "ሞተሩ አለቀ" የምንለው ይኼን ነው። ያለቀው ግን ዛሬ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ሳህኑ ሳይታጠብ የዋለባቸው ቀናት ናቸው የጨረሱት።

ስለዚህ በአቧራ ወቅት ሳህኑ በየቀኑ ይከፈታል። ጭቃ ካለው ይደፋል፣ በናፍጣ ይታጠባል፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል። እስከ ምልክቱ ብቻ! "ይብዛለት" ብላችሁ ከምልክቱ በላይ ብትሞሉት ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ሊያቃጥለው፣ ቁልፍ ብትዘጉት እንኳ በራሱ እየጮኸ ሊሄድ ይችላል። ከማጣሪያው ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማም እዩት። ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ ማጣሪያውን ብታጥቡት ከንቱ ነው፤ አቧራው በስንጥቁ ይገባል። አዲስ ማሰሪያ ስንት ነው? የሞተር እድሳትስ? ይኼን ሒሳብ ለእናንተ ልተወው።

ሁለተኛው ናፍጣ ነው። ከከተማ በበርሜል እየተገለበጠ፣ በጄሪካን እየተቀዳ ማሳ ድረስ ይመጣል። ውኃም አቧራም ዝገትም ይዞ ነው የሚመጣው። በናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚቀራረቡበት ክፍተት ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ በዐይን የማይታይ ቆሻሻ ይፍቃቸዋል፣ ውኃ ያዝጋቸዋል። በርሜሉ ከመጣ በኋላ አንድ ሌሊት እንኳ ይረፍ፣ ይጥለል። ስትቀዱ ከሥሩ አትሳቡ፤ ታችኛውን ተዉት። ታንከሩን ጠዋት ሳይሆን ማታ ሥራ ሲያልቅ ሙሉት፤ ባዶ ታንከር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ላብ ያወጣል፣ ያ ላብ ውኃ ነው። ከማጣሪያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ትንሽ ከፈት አድርጉና የተጠራቀመውን አውጡ። ይኼ ሁሉ ሲደመር የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። በሄክታር የሚከፈለው ልጅ ግን 5 ደቂቃውንም ይቆጥራታል።

ናፍጣ አልቆበት አየር ከገባበት ጋራዥ አትጥሩ፤ ይኼን ኦፕሬተሩ ራሱ ሊችለው ይገባል። ናፍጣ ይጨመራል፣ ማጣሪያው ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ትደረጋለች፣ የእጅ ፖምፓው ይመታል። በቤላሩሱ ላይ ራሷ የምትፈታ እጀታ አለች፤ በማሲው ላይ ከፖምፓው ጎን ያለች ትንሽ ዘንግ ናት። አረፋ እየተንቀራቀበ ይወጣል፤ አረፋው አቁሞ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ይጠበቃል። ካልተነሳ ወደ ፖምፓው፣ ከዚያ ወደ ኖዝሎቹ ቱቦዎች በቅደም ተከተል ይኬዳል። አደራ፣ ኖዝል ከሚረጭበት ፊት እጅ አይደቀንም። ግፊቱ ናፍጣውን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ይወጋል፤ ቁስሉ ከላይ የመርፌ ቀዳዳ መስሎ ከውስጥ እጅ የሚያስቆርጥ ነው። እንዲህ ከሆነ "ያልፍለታል" ሳይባል ዕለቱን ሆስፒታል።

ፖምፓውን ራሱን ግን ዛፍ ሥር አትፍቱት። ዋርካ ሥር፣ ጆንያ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ የተፈታ ፖምፓ ተመልሶ ቢሠራ እንኳ ልኩን አያገኝም። እሱ መለኪያ ማሽን ያለው ቤት ይሂድ። ሌላውን ስትፈቱ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ስልክ ተጠቀሙበት፤ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ በየደረጃው አንሱ። ሞተሩና ትራክተሩ ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳም ጠርጋችሁ አንሱና አስቀምጡ። ዕቃ ልትገዙ አዳማ ወይ አዲስ አበባ ስትሄዱ "የማሲ ፈርጉሰን ጓርኒሲዮን ስጠኝ" ማለት አይበቃም፤ ቁጥሩንና አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ስንቱ ነው የማይገጥም ኩሽኔታ ይዞ ተመልሶ ሌላ የመኪና ትኬት የቆረጠው!

ጭሱንም ማንበብ ልመዱ። ጥቁር ጭስ ሲበዛ ወይ አየር አጥሮታል፣ ወይ ኖዝሉ አይረጭም፣ ወይ ማርሹ ከብዶታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ ምንም አይደል፤ ሞተሩ ሞቆም ካልተወ፣ የራዲያተሩም ውኃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሄድ አልቀረም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስታወጡ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታያችሁ ውኃ ገብቶበታል። ሳትጨምሩ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም ናፍጣ ገብቶበታል፤ በሁለቱም ሞተር አታስነሱ። እና እባካችሁ፣ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉ። ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ጭነቱን አውርዳችሁ በቀስታ እየዞረ ይረፍ፣ ከዚያ አጥፉት፣ ክዳኑን የምትከፍቱት በእጅ ስትነኩት ሳይፋጅ ነው።

አሁን ደግሞ ከብረቱ ወደ ሰው ልሻገር። ጥድፊያ ሰውም ይገድላል። አሮጌ ትራክተር ሞተሪኖው ወይ ቁልፉ ይበላሻል፤ ኦፕሬተሩ ለመጠገን ጊዜ የለውም፣ መሬት ላይ ቆሞ በፒንሳ ወይ በካቻቢቴ ሞተሪኖውን አገናኝቶ ያስነሳል። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ትራክተሩ ይነሳና የኋላ ጎማው በላዩ ላይ ይሄዳል። ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ይኼ ልማድ በእኛ አገር እንደ ሙያ ይቆጠራል፤ እኔ እንደ ወንጀል ነው የማየው፤ ወንጀለኛው ደግሞ ቁልፍ ላለማስጠገን እምቢ ያለው ባለቤት ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና ሲጎተትም ሰንሰለቱ ከታች ካለው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር። ከፍ አድርገው ላይኛው ክንድ ላይ ካሰሩት የፊት ጎማው ይነሳና ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ዐይን እስኪገለጥ ድረስ ነው የሚፈጀው። መንገድ ላይ ሲወጣ ሁለቱ የፍሬን መርገጫዎች ይቆለፉ፤ በፍጥነት አንዱ ጎን ብቻ ከያዘ መገልበጥ ነው። መውቂያ የሚያዞረው የኋላ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እስኪጮህ እንኳ አይጠብቅም። መሸፈኛ ይደረግለት፣ ሴቶችም ወንዶችም ነጠላና ጋቢ አውልቀው ይቅረቡ። ልጅ መከላከያው ላይ ጭኖ ማረስ ደግሞ ፍቅር አይደለም።

እሺ፣ ክፍያው እንዴት ይሁን?

ባለቤቶች የሚሉኝን አውቃለሁ። "ደመወዝ ከሰጠሁት ይተኛብኛል። በሄክታር ስለሆነ ነው የሚሠራው።" እውነት አላቸው። ሄክታሩን ሙሉ በሙሉ አንሱ እያልኩ አይደለም። ግማሹን በቀን ክፍያ፣ ግማሹን በሄክታር አድርጉት። ዝናብ አስቁሞት ቢውል እንኳ የቀኑን ያገኛል፤ ስለዚህ ትራክተሩ ሲቆም አይደነግጥም። በውሉ ላይ ጠዋት ግማሽ ሰዓት የጥገና ነው ተብሎ ይጻፍ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እናንተ አትደውሉ። "ማጽዳቱን በምን አውቃለሁ?" ለሚል፣ ልጁ ስልክ አለው አይደል? ጠዋት የዘይቱን መለኪያ ዘንግና የማጣሪያውን ሳህን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ከዚህ የበለጠ ቁጥጥር አያስፈልግም።

ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ የሞተር ጉርሻ ይኑረው። ትራክተሩ በቸልታ ምክንያት ካልቆመ፣ የዘይት ፍጆታው ካልጨመረ ይህን ያህል ታገኛለህ ተብሎ ከመጀመሪያው ይነገረው። ያኔ ሞተሩ የእሱም ይሆናል። አንዳንዱ ባለቤት "ከየት አምጥቼ?" ይላል። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ሄክታር ኪራይ 100 ብር ለብቻ ብታስቀምጡ፣ በአንድ ወቅት 200 ሄክታር ቢያርስ 20,000 ብር ይሆናል። ማጣሪያውም፣ ዘይቱም፣ ጉርሻውም ከዚያ ይወጣል። በማኅበር የገዛችሁ ይኼን ብር ከትርፉ ጋር አትቀላቅሉት፤ ሌላ ሒሳብ ክፈቱለት። ተቀላቅሎ ከተከፋፈለ በኋላ ለፊልትሮ መልሳችሁ አምጡ ብትባሉ ማን ያመጣል? እንተዋወቃለን።

ሰዓት ቆጣሪው የሚሠራ አሮጌ ትራክተር ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ደብተር ይያዝ። የሞተር ዘይት እንደ ሞዴሉ ከ100 እስከ 250 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀየራል። በቀን 10 ሰዓት ካረሰ 250 ሰዓት ማለት 25 ቀን ነው። "በዓመት አንዴ እቀይራለሁ" የሚል ባለቤት በአንድ የእርሻ ወቅት ውስጥ አልፎታል ማለት ነው፤ አቧራ ባለበት ደግሞ ቀደም ማለት ነው የሚሻለው። ደብተሩ ላይ ቀን፣ የተሠራበት ሰዓት፣ የተጨመረ ዘይት በሊትር ይጻፍ። በሳምንት ይጨመር የነበረው ግማሽ ሊትር አንድ ሊትር ሲሆን ደብተሩ ይነግራችኋል፤ ጭሱ ገና ሳይታይ።

"እኔ ትራክተር የለኝም፣ ተከራይቼ ነው የማሳርሰው፣ ምን አገባኝ?" ለምትሉ፤ ያገባችኋል። በሄክታር ብቻ የሚከፈለው ኦፕሬተር የሚያሳጥረው ጥገናውን ብቻ አይደለም፤ እርሻችሁንም ነው። ማርሽ ከፍ ያደርጋል፣ ዲስኩን ያነሳል፣ ላይ ላዩን ጭሮ ይሄዳል። ከሩቅ ሲታይ የታረሰ ይመስላል። አረሙ ሥሩ እንዳለ ነው፣ ውኃውም አይሰርግም። ስለዚህ ገና ሲጀምር ጥልቀቱን ተስማሙ፤ ለምሳሌ 20 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ። ከዚያ አንድ እንጨት ላይ ምልክት አድርጉና ማሳው ውስጥ በተለያየ ቦታ ያልታረሰው አፈር እስኪገታው ሰክታችሁ እዩ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ አይደለም፣ መሐሉም ላይ።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ድንጋዩን ቀድማችሁ ልቀሙ፣ የማይነሳውን በእንጨት ምልክት አድርጉበት። ዋልካው ጭቃ እያለ "ግባ ግባ" አትበሉት፤ የረጠበ ዋልካ በትራክተር ጎማ ሲጠቀጠቅ የሚጎዳው የእናንተ መሬት ነው፣ ፍሪሲዮኑም እዚያው ይቃጠላል። ከአፈሩ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉት፤ ሲጫኑት ከተበተነ ይታረሳል፣ እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ጠዋት መጥቶ ሳህኑን ሲያጥብ ካያችሁትም "ጊዜዬን በላህ" አትበሉት፤ ቡና አቅርቡለት። እንጨቱን ሰክታችሁ ጥልቀቱ ጎድሎ ካገኛችሁት ግን ከልጁ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ስልኩን አንሱና ለባለቤቱ ደውሉ፤ ለልጁ በምን እንደሚከፍለውም ጠይቁት።